የአክቲን ክር መገንባትና መፍረስ

የአክቲን ክር አክቲን የተባለው ፕሮቲን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሩት ቀጭን ክር ነው። ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን በእንስሳት፣ በዕፅዋት፣ በፈንገስና በአሜባ ሕዋሳት ውስጥ ይገኛል። ከማይክሮቱቡል ጋር በመሆን የሕዋስ አጽም የሚባለውን መዋቅር ይሠራል። «አጽም» የሚለው ስም ግን ሊያሳስት ይችላል። አጥንት አንዴ ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል፤ በሚንቀሳቀስ ሕዋስ የፊት ጠርዝ ላይ ያለ የአክቲን ክር ግን ዕድሜው ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። በአንድ በኩል እየተገነባ በሌላ በኩል ይፈርሳል፤ የፈረሰውም ተመልሶ ለአዲስ ክር መሥሪያ ይሆናል። ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያን የሚያሳድደው፣ የቆሰለ ቆዳ የሚገጥመው፣ አንድ ሕዋስ ለሁለት የሚከፈለው በዚህ ግንባታና ፍርሰት አማካይነት ነው።

ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ክሩ እንዴት እንደሚገነባና እንደሚፈርስ ነው። አክቲን ከማዮሲን ጋር ጡንቻን እንዴት እንደሚያኮማትር ለማወቅ ጡንቻ የሚለውን መጣጥፍ ይመልከቱ።

ግኝት

አክቲን ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ ነው። በዚያ የነበረውን ቤተ ሙከራ የሚመሩት በ1937 የኖቤል ሽልማት ያገኙት አልበርት ሰንት-ጂዮርጂ ነበሩ። የተፈጨ ጡንቻ በጨው ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ፈሳሽ ቀጭን፣ ተዘፍዝፎ ሲያድር የሚወጣው ግን ወፍራምና ዝልግልግ መሆኑን ባልደረባቸው ኢሎና ባንጋ አስተዋሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከማዮሲን ሌላ የሆነ ፕሮቲን መሆኑን የደረሱበት ብሩኖ ፌሬንች ስትራውብ ናቸው። ፕሮቲኑ ማዮሲንን ስለሚያነቃቃ አክቲን ተባለ። በጦርነቱ ምክንያት ሥራው በሌላው ዓለም በሰፊው የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ስትራውብ አክቲን ሁለት መልክ እንዳለው አሳዩ። ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ለየብቻቸው ይንሳፈፋሉ፤ ይህ ጂ-አክቲን ይባላል። ጨው ሲጨመር ተያይዘው ክር ይሆናሉ፤ ይህም ኤፍ-አክቲን ነው። በ1950 ደግሞ እያንዳንዱ ነጠላ አክቲን የኃይል ተሸካሚውን ሞለኪውል ኤቲፒን እንደሚይዝ፣ ክር ሲሆንም ኤቲፒው ወደ ኤዲፒ እንደሚለወጥ ታወቀ። ይህ ለውጥ ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። አክቲን የጡንቻ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም ቢሆን ቶሎ አልተለወጠም፤ በ1966 ሳዳሺ ሃታኖና ፉሚዮ ኦሳዋ ጡንቻ ከሌለው ፊሳረም ከተባለ ሕያው ነገር አክቲንን ለይተው አወጡ።

አወቃቀር

የጡንቻ አክቲን 375 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን ክብደቱ 42 ኪሎዳልተን ያህል ነው። በመሐሉ ስንጥቅ አለው፤ ኤቲፒ ወይም ኤዲፒ የሚቀመጠው በዚያ ውስጥ ነው። የሞለኪውሉን ቅርጽ አቶም በአቶም ያሳየው ሥራ በ1990 በቮልፍጋንግ ካብሽ፣ በኬኔት ሆምስና በባልደረቦቻቸው ታተመ። የሰው ልጅ ስድስት የአክቲን ጂኖች አሉት። ፕሮቲኑ በዝግመተ ለውጥ እጅግ ጥቂት ነው የተለወጠው፤ የእርሾና የሰው አክቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው ከ80 በመቶ በላይ አንድ ነው።

ክሩ ሁለት ሆኖ የተገመደ ገመድ ይመስላል። እያንዳንዱ አዲስ ሞለኪውል ሲጨመር ክሩ በ2.7 ናኖሜትር ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ማይክሮሜትር በሚረዝም ክር ውስጥ 370 ያህል ሞለኪውሎች አሉ ማለት ነው።

ሁሉም ሞለኪውሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ስለሚሰለፉ የክሩ ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሂዩ ሃክስሊ በ1963 ክሩን በማዮሲን ቁራጮች ሸፍነው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ማዮሲኖቹ ተደርድረው የቀስት ራስ የሚመስል ምስል ሠሩ፤ ቀስቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ጫፍ ያመለክታሉ። ቀስቱ የሚያመለክተው ጫፍ በዝግታ የሚያድግ ሲሆን ተቃራኒው በፍጥነት ያድጋል። በዚህ መጣጥፍ ዝግተኛ ጫፍና ፈጣን ጫፍ ተብለዋል።

የክሩ ጅማሮ

ንጹሕ አክቲን ላይ ጨው ሲጨመር ክር ወዲያው አይታይም። ለጥቂት ጊዜ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፤ ከዚያ ግንባታው በድንገት ይፋጠናል። ይህን በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ኦሳዋና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አብራሩ። ሁለት አክቲኖች ቢገናኙ የሚይዛቸው ትስስር ደካማ ስለሆነ ወዲያው ይለያያሉ። ሦስተኛው ሲመጣ እያንዳንዱ ከአንድ በላይ ጎረቤት ያገኛል፤ አራተኛው ከተጨመረ በኋላ ክሩ ከመፈራረስ ይልቅ ማደግ ይቀለዋል። አስቸጋሪው እንግዲህ ማደጉ ሳይሆን መጀመሩ ነው።

ለሕዋስ ይህ ጠቃሚ ነው። ክር በራሱ ጊዜ በየቦታው የሚጀመር ቢሆን ኖሮ የሕዋሱ ውስጥ በሙሉ በክር በተተበተበ ነበር። መጀመር ከባድ በመሆኑ ግን ሕዋሱ ክር የሚያስጀምሩ ፕሮቲኖችን በፈለገው ቦታና ጊዜ ብቻ በመቀስቀስ ግንባታውን ሊቆጣጠር ይችላል።

የመግባትና የመውጣት ሒሳብ

በሁለቱም ጫፎች ሞለኪውሎች ሳያቋርጡ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የሚገቡት ብዛት በዙሪያው ባለው ነጠላ አክቲን ክምችት ይወሰናል፤ የሚወጡት ብዛት ግን በዙሪያው ባለው ላይ አይመሠረትም። ቶማስ ፖላርድ በ1986 ባሳተሙት መለኪያ መሠረት ኤቲፒ የያዘ አክቲን በፈጣኑ ጫፍ ለእያንዳንዱ ማይክሮሞላር ክምችት በሰከንድ 11.6 ሞለኪውል ይገባል፣ 1.4 ይወጣል። በዝግተኛው ጫፍ የሚገባው 1.3፣ የሚወጣው 0.8 ነው።

መግባትና መውጣት እኩል የሚሆኑበት መጠን ወሳኝ ክምችት ይባላል። ለፈጣኑ ጫፍ 1.4 ለ11.6 ተካፍሎ 0.12 ማይክሮሞላር፣ ለዝግተኛው 0.8 ለ1.3 ተካፍሎ 0.6 ማይክሮሞላር ይሆናል። አሁን ክምችቱ በሁለቱ መካከል፣ ለምሳሌ 0.2 ማይክሮሞላር ቢሆን፣ ፈጣኑ ጫፍ በሰከንድ 0.9 ያህል ሞለኪውል ሲያተርፍ ዝግተኛው 0.5 ያህል ይከስራል። ክምችቱ ትንሽ ሲቀንስ ትርፉና ኪሳራው እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የክሩ ርዝመት አይለወጥም፤ ሞለኪውሎቹ ግን ከፈጣኑ ጫፍ ገብተው በክሩ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየሄዱ በዝግተኛው ጫፍ ይወጣሉ። አልብሬክት ቬግነር ይህን በ1976 አሳዩ። ክስተቱ ትሬድሚሊንግ ይባላል፤ በትሬድሚል ላይ የሚሮጥ ሰው እየሮጠ ከቦታው እንደማይርቅ ማለት ነው።

የሁለቱ ጫፎች ወሳኝ ክምችት መለያየት በነጻ የሚገኝ ነገር አይደለም። በሁለቱም ጫፍ የሚፈጠረው ትስስር አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ሌላ የኃይል ምንጭ ከሌለ ፈጣኑ ጫፍ በመግባት የሚበልጠውን ያህል በመውጣትም ይበልጣል፣ ወሳኝ ክምችታቸውም እኩል ይሆናል። ያለ ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለዘላለም የሚፈስ ክር ቢኖር የፊዚክስን ሕግ በጣሰ ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው ኤቲፒ ነው።

ኤቲፒ እንደ ሰዓት

ነጠላ አክቲን ኤቲፒውን የሚሰብረው እጅግ በዝግታ ነው። ክር ውስጥ ሲገባ ግን ቅርጹ ጠፍጠፍ ስለሚል መሰበሩ ይፋጠናል፤ ከገቡት ሞለኪውሎች ግማሾቹ በ2 ሰከንድ ያህል ውስጥ ኤቲፒያቸውን ወደ ኤዲፒና ፎስፌት ይለውጣሉ። ፎስፌቱ ግን ወዲያው አይወጣም። ግማሹ ለመውጣት 6 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

በዚህም ምክንያት ክሩ በላዩ ላይ ዕድሜው የተጻፈበት ያህል ነው። በፈጣኑ ጫፍ አካባቢ ያለው አዲሱ ክፍል ኤቲፒ ወይም ኤዲፒና ፎስፌት የያዘ ሲሆን አሮጌው ክፍል ኤዲፒ ብቻ ይይዛል። ኤዲፒ የያዘው ክፍል ልል ነው፤ አፍራሽ ፕሮቲኖችም የሚለዩት እሱን ነው። ኤቲፒው የሚሰበረው ክሩን ለመገንባት ይመስላል፤ ነገር ግን ኤቲፒው ባይሰበርም ክሩ ይገነባል። የኃይሉ ዋና ጥቅም የቆየው ክር ከአዲሱ ተለይቶ እንዲፈርስ ማድረጉ ነው።

በሕዋስ ውስጥ

በሕዋስ ውስጥ ሒሳቡ በመጀመሪያ እይታ አይገጥምም። በብዙ ሕዋሳት ውስጥ ክር ያልሆነው አክቲን እስከ 100 ማይክሮሞላር ይደርሳል። ይህ ከወሳኙ ክምችት በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ነጻ ቢሆን እያንዳንዱ ፈጣን ጫፍ በሰከንድ ከ1100 በላይ ሞለኪውል እየዋጠ በሰከንድ 3 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ 20 ማይክሮሜትር ስፋት ያለውን ሕዋስ ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 7 ሰከንድ አይፈጅበትም።

ይህ የማይሆነው አክቲኑ በተያዥነት ስለሚቀመጥ ነው። ታይሞሲን ቤታ 4 የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነጠላውን አክቲን ይዞ በየትኛውም ጫፍ እንዳይገባ ያደርገዋል፤ መጋዘን ነው ማለት ይቻላል። ፕሮፊሊን ደግሞ የተለየ ሥራ አለው። አክቲኑን የሚይዘው በአንድ ጎኑ ስለሆነ አዲስ ክር እንዳይጀምርና በዝግተኛው ጫፍ እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ በፈጣኑ ጫፍ ግን እንዲገባ ይፈቅድለታል፤ አክቲኑ እንደገባም ለቅቆት ይሄዳል። ከክር የወጣ አክቲን ኤዲፒውን ጥሎ አዲስ ኤቲፒ እንዲይዝም ያፋጥናል።

ክሩ አንዴ ከተጀመረ በኋላ የሚያስቆመው ቆብ ፕሮቲን ነው። ፈጣኑን ጫፍ እንደ ቆብ ስለሚደፋው ከዚያ በኋላ የሚገባ የለም። በጡንቻ ውስጥ የክሮቹ ጫፎች በዚህ ዓይነት ፕሮቲኖች በሁለቱም በኩል ስለሚደፈኑ ርዝመታቸው አንድ ማይክሮሜትር ያህል ሆኖ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። በሚንቀሳቀስ ሕዋስ ውስጥ ግን ክሮቹ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስለሚደፈኑ፣ ሕዋሱ ወደፊት መግፋቱን እንዲቀጥል ያለማቋረጥ አዳዲስ ክሮች መጀመር አለባቸው።

አስጀማሪዎቹ ሁለት ዋና ዓይነት ናቸው። አንደኛው አርፕ 2/3 የተባለው ውሕድ ነው። ሎራ ማቼስኪ፣ ፖላርድና ባልደረቦቻቸው በ1994 ከአሜባ ለይተው ያወጡት ሲሆን ሰባት ፕሮቲኖች አሉት። ከሰባቱ ሁለቱ አክቲንን ስለሚመስሉ አዲስ ለተጀመረ ክር እንደ መነሻ ያገለግላሉ። ውሕዱ በነባር ክር ጎን ላይ ተቀምጦ በ70 ዲግሪ ያዘነበለ ቅርንጫፍ ያስጀምራል፤ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ፣ በዚያም ላይ ሌላ እያለ እንደ ቁጥቋጦ የተጠላለፈ መረብ ይፈጠራል። በራሱ ግን አይነሳም። ዋስፕ እና ዌቭ የተባሉ ፕሮቲኖች ሊቀሰቅሱት ይገባል፤ እነሱም የሚነቁት ከሕዋሱ ሽፋን በሚመጣ ምልክት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ፎርሚን ነው። ፎርሚን ቅርንጫፍ የሌለው ረጅም ክር ያስጀምርና እያደገ ባለው ፈጣን ጫፍ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይጓዛል፤ ቆብ ፕሮቲንም እንዳይደፋው ይከላከልለታል። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ወገቡን የሚያጠብቀው ቀለበት ክሮች የሚጀመሩት በፎርሚን ነው።

መፍረስ

መገንባቱ የበለጠ ትኩረት ይሳብ እንጂ መፍረሱም እኩል አስፈላጊ ነው፤ ካልፈረሰ መጋዘኑ ያልቃል። እዚህም ላይ ሒሳቡ ችግሩን ያሳያል። ከዝግተኛው ጫፍ ኤዲፒ የያዘ አክቲን የሚወጣው በሰከንድ 0.27 ሞለኪውል ብቻ ነው። ፈጣን ጫፉ የተደፈነ የአንድ ማይክሮሜትር ክር 370 ሞለኪውሎች ስላሉት በዚህ ፍጥነት ፈርሶ ለማለቅ 23 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በሕዋስ የፊት ጠርዝ ላይ ያለው መረብ ግን በአንድ ደቂቃ ገደማ ይታደሳል።

ክፍተቱን የሚሞላው በዋናነት ኮፊሊን ነው። ኮፊሊንና የቅርብ ዘመዱ ኤዲኤፍ ኤዲፒ የያዘውን የክሩን ክፍል መርጠው ይይዛሉ፤ አዲሱን ክፍል እምብዛም አይነኩም። ሲይዙት የክሩ ጥምዘዛ ይለወጣል። በተያዘውና ባልተያዘው ክፍል መካከል ያለው ድንበር ደካማ ስለሚሆን ክሩ እዚያ ላይ ይቆረጣል። አንድ ክር ሁለት ሲሆን የሚፈርስባቸው ጫፎችም ይበዛሉ። የሚገርመው ኮፊሊን ከመጠን በላይ ሲበዛ መቁረጡ ይቀንሳል፤ ክሩ በሙሉ ከተሸፈነ ድንበር አይኖርምና። ከቅርንጫፎቹ መነሻ ላይ ያለው አርፕ 2/3ም ከጊዜ በኋላ ስለሚላቀቅ አሮጌው መረብ ይበታተናል። ጄልሶሊን የተባለ ሌላ ቆራጭም አለ፤ እሱ የሚነቃው የካልሲየም መጠን ሲጨምር ሲሆን ከቆረጠ በኋላ በፈጣኑ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ይቀራል።

ሽፋንን መግፋት

እያደገ ያለ ክር ወደፊት የሚገፋው እንዴት ነው? የክሩ ጫፍ ሽፋኑን ከነካ ለአዲስ ሞለኪውል የሚሆን ቦታ የለም። መልሱ የሙቀት ንቅናቄ ነው። ሽፋኑም ሆነ ክሩ በሙቀት ምክንያት ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ። በመካከላቸው ለቅጽበት በቂ ክፍተት ሲፈጠር አንድ አክቲን ዘሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሽፋኑ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ አይችልም። ቻርልስ ፔስኪን፣ ጋሬት ኦደልና ጆርጅ ኦስተር ይህን ሐሳብ በ1993 በሒሳብ አስቀመጡት። አንድ ክር የሚሰጠው ግፊት ጥቂት ፒኮኒውተን ብቻ ቢሆንም በአንድ የፊት ጠርዝ ላይ በጣም ብዙ ክሮች አብረው ይገፋሉ።

ሊስቴሪያ

ስለዚህ ሥርዓት ብዙ ያስተማረው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ነው። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ ካልተፈላ ወተትና ከአንዳንድ አይብ ጋር ወደ ሰው የሚገባ ሲሆን በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ለጨቅላ ሕፃንና ለአረጋዊ አደገኛ ነው። ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚንቀሳቀሰው በገዛ ጅራቱ አይደለም። ሉዊስ ቲልኒና ዳንኤል ፖርትኖይ በ1989 እንዳሳዩት የሕዋሱን አክቲን በጀርባው ላይ ያስገነባል፤ እየረዘመ የሚሄደው የአክቲን ጭራም እንደ ጅራታም ኮከብ እያስመሰለው ወደፊት ይገፋዋል። ወደ ሕዋሱ ዳር ሲደርስ ሽፋኑን ገፍቶ በቀጥታ ጎረቤት ሕዋስ ውስጥ ይገባል። ከሕዋስ ውጭ ስለማይወጣ በደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት አያገኙትም።

ለዚህ የሚያስፈልገው አክትኤ የተባለ አንድ የላይ ፕሮቲኑ ነው፤ ይህም የሕዋሱን ዋስፕ በማስመሰል አርፕ 2/3ን ይቀሰቅሳል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል፤ እሱ ግን ማስመሰል ሳያስፈልገው የሕዋሱን ኤን-ዋስፕ ራሱን ይጠራል።

በ1999 በፈረንሳይ የማሪ-ፍራንስ ካርሊዬና የዶሚኒክ ፓንታሎኒ ቡድን ለዚህ እንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ነገር ቆጠረ። ሕያው ሕዋስ በሌለበት፣ በንጹሕ ፕሮቲኖች ብቻ ባክቴሪያው እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። የግድ የሚያስፈልጉት አክቲን፣ አርፕ 2/3፣ ቆብ ፕሮቲን፣ ኤዲኤፍ ወይም ኮፊሊን፣ እንዲሁም ኤቲፒ ነበሩ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ አስቋሚ፣ አንዱም አፍራሽ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ቆብ ፕሮቲኑ ከሌለ ግንባታው ባክቴሪያው አጠገብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየቦታው ይባክናል፤ ኮፊሊን ከሌለ ደግሞ አክቲኑ አሮጌ ጭራ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ዋስፕ ሲጎድል

ዋስፕ ስሙን ያገኘው ከበሽታ ነው። የቪስኮት-ኦልድሪች በሽታ በ1937 በጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ቪስኮት፣ በ1954 ደግሞ በአሜሪካዊው ሮበርት ኦልድሪች ተገልጿል። ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ የሚታመሙት ከሞላ ጎደል ወንዶች ልጆች ናቸው። በቀላሉ ይደማሉ፣ ችፌ ይወጣባቸዋል፣ ኢንፌክሽን ይደጋገምባቸዋል። ጂኑ በ1994 ሲገኝ ፕሮቲኑ በደም ሕዋሳት ውስጥ የሚሠራ መሆኑ ታወቀ። ዋስፕ የጎደላቸው ነጭ የደም ሕዋሳት አክቲናቸውን በትክክለኛው ቦታ ማስገንባት ስለሚያቅታቸው ወደ ኢንፌክሽኑ መጓዝና ባክቴሪያን መዋጥ ይቸግራቸዋል። ደም ሠሪ ሕዋሳትን ከሌላ ሰው ወስዶ መተካት ሊፈውሰው ይችላል።

አክቲንን የሚያውኩ መርዞች

ፋሎይዲን አማኒታ ፋሎይድስ ከተባለው ገዳይ እንጉዳይ የሚገኝ ሲሆን ክሩን አጥብቆ ይዞ እንዳይፈርስ ያደርገዋል። እንጉዳዩን የበላ ሰው የሚሞተው ግን በዋናነት በዚህ ሳይሆን አማኒቲን በተባለው ሌላ መርዝ ነው። ፋሎይዲን ከሚያበራ ቀለም ጋር ሲያያዝ የአክቲን ክሮችን በማይክሮስኮፕ ለማየት ይጠቅማል፤ በመማሪያ መጻሕፍት የሚታዩት ብዙዎቹ የአክቲን ፎቶዎች በዚህ መንገድ የተነሡ ናቸው። ላትረንኩሊን ከቀይ ባሕር ስፖንጅ የወጣ ነው፤ ነጠላውን አክቲን በመያዝ ክር እንዳይሆን ይከለክላል። ከሻጋታ የሚገኘው ሳይቶካላሲን ደግሞ ፈጣኑን ጫፍ ይደፍናል። መፍረስን የሚከለክለውም መገንባትን የሚከለክሉትም ሕዋሱን እኩል ከመንቀሳቀስ ያግዱታል።

የካንሰር ሕዋሳት ወደ ሌላ የአካል ክፍል የሚዛመቱት በአክቲን እየተንቀሳቀሱ ስለሆነ እነዚህን መርዞች ለሕክምና የማዋል ሐሳብ ተነሥቷል። ማይክሮቱቡልን የሚያውኩት ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሰል በካንሰር ሕክምና ላይ ውለዋል። አክቲንን በቀጥታ የሚያውክ መድኃኒት ግን ልብንና ጡንቻን ጭምር ስለሚነካ ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን ከአክቲኑ ይልቅ ወደሚያዙት ፕሮቲኖች አዙረዋል።